ዳማው ሐሙስ ማታ ምን በላ?

የዳማው ፈረስ ሆድ ሲከፈት እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሥራዬ እሱ አይደለም። ሥራዬ የማዳምን ቤት ማጽዳት፣ ልብስ መተኮስና ዓሣ መጥበስ ነው፤ የምኖረውም እዚያው ቤቷ ውስጥ ነው። ማዳም ፈረንሳዊት የእንስሳት ሐኪም ናት። ጅቡቲ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ፈረንሳይኛዬ ከእሷ ጋር ለመጨቃጨቅ ይበቃ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለመጣሁ ደግሞ ጽሕፈቴ ይነበባል። ስለዚህ ከአማርኛ ሌላ ከማይችል ሰው ጋር መነጋገር ሲኖርባት «ጫማሽን አድርጊ» ትለኛለች፣ እኔም መጥረጊያዬን ጥዬ እወጣለሁ። መውጣት እወዳለሁ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልበትም።

የዚያን ቅዳሜ የወጣነው ወደ ፈረስ ክለቡ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ዓርብ፣ ከከተማው ርቆ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ነበር። እሽቅድምድም አይደለም፤ ፈረሱ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐዩ እስኪበረታ ይጓዛል፣ በየመሃሉ ያቆሙትና ሐኪም የልብ ምቱን ይቆጥራል። ምቱ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ ፈረሱ ከውድድር ይወጣል። ደንቡ ይሄ ነው። ደንቡ እያለ ግን በዚያ ዕለት ሁለት ፈረሶች ሞቱ፤ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ነጭ። በጭነት መኪና ተጭነው ተመለሱ። ክለቡ ማዳምን «ለምን እንደሞቱ አጣሪልን» አላት። ውድድሩ ላይ ምት ሲቆጥር የነበረው ሐኪም ሌላ ሰው ነው፤ በማግሥቱ ስልኩን አያነሳም።

ማዳም እስከ ክርኗ በጓንት ሆና የምታየውን ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽታው አይነገርም። እኔ ግን የፈራሁት ሽታውን አልነበረም። ነጩን ጨርሳ ወደ ዳማው ስትመጣ ደብተሩ ላይ አቀረቀርኩ። ከአንጀቱ ውስጥ ቀላ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶችና ያልተፈጨ ቅጠል አወጣች። በጣቷ ገላለጠችው።

«ይሄ ምንድነው? ጠይቂው» አለችኝ።

«ጠይቂው» ያለችው ፈረስ ጠባቂውን ነው። ከማዳም ጋር ስመላለስ የተዋወቅኳቸው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ከድሬዳዋ ወገን የሆኑ፣ በዚያ ክለብ ጋጣ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የክለቡ ሥራ እስካለ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። ሥራው ከሌለ ድንበር ማዶ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድነው ትላለች።»

ጋሼ እንጨቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ግን አዩኝ።

«ሳር ነው በያት። እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት።»

ወደ ማዳም ዞርኩና በፈረንሳይኛ «ሳር ነው፣ እሱ ራሱ ነው የሰጠው» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ማዳም እንጨቱን ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው።

ሳር አልነበረም። ገራባ ነው። ጫት ሲቃም ለጋው ይበላና የሚጣለው፣ እንጨቱና ሻካራው ቅጠል። ጅቡቲ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፣ ከተማው በአንድ ጊዜ ይነቃል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ገራባው በየደጁ ይከመርና ፍየሎቹ ይመጣሉ። የካርቲየ ሰባት ሰፈር ፍየል ከሰው የተሻለ ትቅማለች ብንል አልዋሸንም። በልታ ግድግዳ ትወጣለች። አንድም ቀን ፍየል ሞተች ሲባል አልሰማሁም።

ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ማዳም ለሁለት ሰዓት ትለቀኛለች፣ ዓርብ ደግሞ ሙሉ ቀን የኔ ነው። ካርቲየ ሰባት ጫት የምትሸጥ አንዲት ሶማሌ ወዳጅ አለችኝ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ቁጭ ማለት ሲያቅተኝ ተነስቼ፣ ገራባውን በፌስታል ሰብስቤ ወደ ክለቡ እሄድ ነበር። ዳማው ሙቀት ሲመጣ ገብስ አስጠልቶት ነበር። አፍንጫውን ገበታው ላይ ያደርግና ይተወዋል። አጥንቱ ሲወጣ አየሁ፣ አናደደኝ። አንድ ቀን ገራባ አቀበልኩት፣ በላ። ጆሮው ቆመ። ጋሼ አይተው በሳቅ ሞቱ፤ «ፍየል አደረግሽው እኮ! ነገ አጥር ላይ ወጥቶ ብናገኘውስ?» አሉኝ። አልከለከሉኝም። እንዲህ ሆኖ ወር ያህል ቆየ።

የውድድሩ ዋዜማ ሐሙስ ግን፣ ፌስታሌን ገና በሩ ላይ ሲያዩ፣ «ዛሬ ይቅር። ነገ ውድድር አለው፣ ሆዱ ንጹሕ ይሁን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሳቸው የነጩን ኮቴ ሊያዩ ዞር ሲሉ ዳማው አንገቱን በአግዳሚው ላይ አሳልፎ ፌስታሉን ጎተተ። አንድ እፍኝ ሰጠሁት። ትልቅ እፍኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ይቅር ስባል እንቢ የሚል ነገር ውስጤ አለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ።

ያን ቅዳሜ ማዳም እጇን ስትታጠብ ጋሼ ከገብስ ማከማቻው ጀርባ ያዙኝ።

«ሐሙስ ይቅር አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«እፍኝ ነው ጋሼ። እፍኝ ብቻ።»

«የማን እፍኝ? ያንቺ ነው የኔ?» እጃቸውን ዘረጉ፤ የእሳቸው መዳፍ አካፋ ያህላል። መሳቅ አማረኝ፣ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማረኝ፣ ሁለቱንም አላደረግኩም።

«ለምን ሳር ነው አሉ?»

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጋጣው ውስጥ ያስገባሽ ማነው? እኔ። የውጭ ሰው አታስገባ ተብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን አፍሽን ዝጊ።»

ዘጋሁ። የተዘጋው ግን አፌ ብቻ ነው፣ ሌላው ነገር አልተዘጋም። ቤት ስገባ የታጠበ ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

ማዳም ምርመራዋን የምትሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ትልቁ ጠረጴዛ እዚያ ስለሆነ። ፍሪጁ ላይ ሰፊ ወረቀት ለጠፈችና በመሃሉ መስመር አሰመረች፤ በአንዱ በኩል ነጩ፣ በሌላው ዳማው። ስንት ሰዓት ተነሱ፣ የት ቆሙ፣ የት ጠጡ፣ ምታቸው ስንት ነበር። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እሷ ታወራለች። ከእኔ ጋር ይሁን ከራሷ ጋር ለይቼ አላውቅም።

«ሁለት ፈረስ በአንድ ቀን ሲሞት ሰው ሁሉ የሚሮጠው የተለየ ነገር ፍለጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለቱ የሚጋሩትን ነው።»

«ነጩ ሆድ ውስጥ እንጨት ነበረ?» አልኳት። ስንቴ እንደጠየቅኳት አላውቅም።

«አልኩሽ እኮ፣ አልነበረም። ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እንዲሁ።»

ወረቀቱ ቀን በቀን ሞላ። ውኃ የሚያመጣው ቦቴ ዘግይቶ ነበር የደረሰው፤ ሾፌሩ ራሱ ነገራት፣ ዶራሌ ወደብ መንገድ ላይ ከኮንቴይነር መኪናዎች ኋላ ተቀርቅሮ ጠዋቱን እዚያው ጨረሰው። ፈረሶቹ ሁለተኛው ማቆሚያ ሲደርሱ የቀረላቸው በጀሪካን የተረፈ ውኃ ነበር፤ ለመጠጥ ይሁን ለማቀዝቀዝ ሰው ተጨቃጨቀበት። የሁለቱም ምት የወረደው በመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ያ ሐኪም ግን አሳለፋቸው፣ ጋላቢዎቹም ጊዜ ለማካካስ ጋለቡ። ማዳም ይህን ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድ ነበር። እኔ ደግሞ ባነበብኩት ቁጥር ትንሽ ትንፋሽ አገኝ ነበር። ውኃው ነው እል ነበር ለራሴ። ቦቴው ነው። ከዚያ ዓይኔ በዳማው በኩል ብቻ ወደተጻፈችው መስመር ይሄዳል፦ «እንጨትና ቅጠል፣ ሳር (?)»። ያቺ የጥያቄ ምልክት።

ደማቸው ፍሪዘራችን ውስጥ ነበር። ሁለት ብልቃጥ፣ አንዱ ላይ ነጭ፣ አንዱ ላይ ዳማ ተብሎ የተጻፈበት፣ ከዓሣው ጎን። ለምርመራ ወደ ፈረንሳይ የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ነው። ምሳ ባወጣሁ ቁጥር አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ማዳም ሳትኖር፣ ልክ ጫቱ በሚገባበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። ያ ከፍተኛው ሙቀት ነው፤ ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል። የፍሪዘሩን በር ከፈትኩት። ሳልዘጋው ሄድኩ። ኮሪደሩን ተመላለስኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ መልሼ አበላሸሁትና እንደገና አነጠፍኩት። ደም ሲበላሽ ምንም አይናገርም። ማንም ሰው መብራት ጠፋ ብሎ አይከሰስም።

ከዚያ ነጩም እዚያ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። የነጩ ደም ንጹሕ ነው። ያለ ገራባ ፈረስ እንደሞተ የሚናገርልኝ እሱ ብቻ ነው። ሮጬ ዘጋሁት፣ በዚያ ፀሐይ ጥግ ካለው ሱቅ በረዶ ገዝቼ በብልቃጦቹ ዙሪያ ቀበርኩ። ማዳም መጥታ በረዶውን ስታይ «ጎበዝ» አለችኝ። ያቺን ቃል የምጥልበት ቦታ አጣሁ።

ብልቃጦቹ ከሄዱ ወዲህ ሦስት ዓርብ አለፈ። ወደ ክለቡ አልሄድኩም። ካርቲየ ሰባት ያለችው ወዳጄም «ምን ነክቶሽ ነው፣ ጉንዳን የገባብሽ ይመስል የማትቀመጪው?» ትለኛለች። ጉንዳን ቢሆን አወጣው ነበር።

ውጤቱ የመጣ ቀን ማዳም ኮምፒውተሯን ዘጋች። «ነጩ ምንም የለውም። ዳማው ደም ውስጥ ግን የጫት ንጥረ ነገር አለ። ልብ የሚያስሮጥ ነገር ነው። በውድድር ክልክል ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ፣ «የክለቡ ኃላፊ ጠባቂው ነው ይላል። እንዲሮጥለት ሰጥቶት ነው ይላል። ነገ ይጠራዋል። አንቺም ነይ፣ ትተረጉሚያለሽ።»

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራታችን አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን፤ ኃላፊው፣ ማዳም፣ ጋሼ፣ እኔ። ጋሼ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ለመባረር ሸሚዝ የሚያስተኩስ ሰው።

ኃላፊው «ጫት ሰጥተሃል ወይ በይው» አለ።

«ጋሼ፣ ጫት ሰጥተዋል ወይ ይላል።»

«ሰጥቻለሁ በይው።»

«ጋሼ…»

«የኔን ቃል ነው የምትተረጉሚው፣ የራስሽን አይደለም። ሰጥቻለሁ በይ። አላወቅኩም በይ። ፍየል ሲበላ አይቼ ነው፣ ገብስ እንቢ ብሎ ስላሳዘነኝ ነው በይ።»

የእኔ ነገር በሙሉ በእሳቸው አፍ ወጣ። ማዳም እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። እንደ ቅዳሜው ማድረግ እችል ነበር፤ አንዴ ከተዋሸ ሁለተኛው ይቀላል። ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ተቀምጬ አይወጣልኝም ነበር መሰለኝ።

«እሱ አልሰጠም። እኔ ነኝ» አልኩ በፈረንሳይኛ።

ጋሼ ፈረንሳይኛ አይችሉም፤ «ሞዋ» ማለት «እኔ» ማለት መሆኑን ግን ያውቃሉ።

«ሞዋ ምን አመጣው? አንቺ! ምን አልሻቸው? እኔ የት ላይ ነው ሞዋ ያልኩት?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ማን ጠየቀሽ? አስተርጓሚ አይደለሽ እንዴ!» ወንበራቸውን ገፉ። «ይቺ ልጅ ዕብድ ናት በያቸው! በይ፣ እሱን ተርጉሚ!»

ተረጎምኩት። ኃላፊው ግራ ገብቶት ማዳምን አያት። እኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወር ሙሉ ገራባ ማምጣቴን፣ ሐሙስ ዕለት ይቅር መባሌን፣ ጋሼ ጀርባቸውን ሲያዞሩ መስጠቴን። ማዳም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ያን ቅዳሜ፣ ሳር ነው ስትይኝ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እስክሪብቶዋን ክዳኑን ከደነችው። «ጫቱ አለማወቅ ነው። ፈረስ ፍየል አለመሆኑን ማንም አላስተማረሽም። ይሄኛውን ግን ዓይኔን እያየሽ ነው ያደረግሽው። ከዚህ ሰው የሰማሁት ሁሉ በአንቺ አፍ ነው። አሁን የትኛውን ልመን?»

ጭቅጭቅ ቢሆን እችል ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም፤ ለክለቡ ገብስ የሚያቀርበውን የካርቲየ አምስት ነጋዴ፣ የሐረር ሰው፣ በስልክ አስጠራችና ሁሉም ጥያቄ ከመጀመሪያው እንዲጠየቅ አደረገች። እኔን ውጪ ጠብቂ አለችኝ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ደረጃው ላይ ነበርኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መኪና ማቆሚያውን ዞርኩ። የነጋዴው ድምፅ በመስኮቱ ይሰማል። ጋሼ ሦስት ቃል ሲሉ እሱ ሩብ ሰዓት ያብራራል፤ ስለ ገብስ ዋጋ ሁሉ የጨመረ መሰለኝ። ማዳም «የተናገረውን ብቻ» ስትል ሁለቴ ሰማሁ። ሰውየው ፈረንሳይኛው ከእኔ የባሰ ነው። ግን አይዋሽም፤ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ የቀናሁት በእሱ ነው።

ነጋዴው ቀድሞ ወጣ። እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፣ «አይ ልጅት፣ ለፈረስ?» ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ማዳም ወጣች፣ ፋይሏን ደረቷ ላይ ይዛ። ቆማ ነገረችኝ። ሰውየው ሥራው ላይ ይቆያል፤ የውጭ ሰው ጋጣ ስላስገባና ስለዋሸ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። እኔ ሁለተኛ የክለቡን በር አልረግጥም። ሪፖርቱ ላይ ውኃው ዘግይቶ መድረሱ፣ ማለፍ ያልነበረባቸው ፈረሶች ማለፋቸውና ከዚያ በኋላ በዚያ ፀሐይ መጋለባቸው ይጻፋል። የዳማው ደም ውስጥ ያለውም ይጻፋል፣ ማን እንደሰጠውም።

«ጫቱ ነው የገደለው?» አልኳት።

«አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም። መኪናው ውስጥ ነኝ፣ አምስት ደቂቃ አለሽ።»

ቤቷ እንደምቆይ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትም። እስካሁንም እዚያው ነኝ። የማስተረጉምላት ነገር ግን የለም፤ ነጋዴውን ትጠራለች።

ጋሼ መጨረሻ ላይ ወጡ። ሸሚዛቸው ከኋላ በላብ ተጣብቋል። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ፣ ፊታቸውን ግን ወደ ጋጣው አድርገው ነበር።

«ሁሉን እንዳለ ተናገርኩ። ደስ ይበልሽ።»

«ሥራዎ ተርፏል ግን ጋሼ።»

«ሥራዬ መትረፉን ከአንቺ ነው የምሰማው?» አሉና ተነፈሱ። «ሐሙስ ይቅር ማለቴን ነጋዴው ሲነግራቸው ጊዜ፣ የኃላፊው ፊት ተለወጠ። እሱ ነው ያዳነኝ። ይቅር ብያለሁ፣ አይደል? ብያለሁ።»

«ብለዋል።»

ያ ጥያቄ አፌ ላይ መጣ፤ ማዳምን ጠይቄ ያልበቃኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ጋሼ?»

«እኔ ሐኪም ነኝ?» አሁን ዞረው አዩኝ። «ነጩ ገራባ አልቀመሰም፣ ሞቷል። ይሄን ያዢ። ዳማው ደግሞ ከነጩ ቀድሞ ነው የወደቀው፣ ብዙ ቀድሞ። ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ደረቱ እንደ ከበሮ ነበር። ይሄንንም ያዢ። ለእነሱም ነግሬያቸዋለሁ፣ ለአንቺም አልደብቅሽም።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ሂጂ አሁን። ፈረንጇን አታስቆሚያት።»

ወደ ጋጣው ሄዱ፤ የቀሩት ፈረሶች የእግራቸውን ድምፅ ያውቁታል፣ ከውስጥ ማሽካካት ጀመሩ። ማዳም መኪናውን አስነስታ ነበር። በመስኮቱ በኩል በእግሬ እመጣለሁ አልኳት። በዚያ ፀሐይ? አለችኝ። አዎ አልኳት፣ በሩን ከፍቼ ገብቼ መቀመጥ አልቻልኩም። እሷ ሄደች፣ እኔ በአቧራው በኩል መንገዱን ያዝኩ፣ ፈጠን ፈጠን እያልኩ።